ማሽኑ «በዶላር ወይስ በድርሃም?» ሲላችሁ

ከጅማ ዱባይ ለእቃ የምትመላለሱ ልጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር ስለሆነ በደንብ ልንገራችሁ፣ በዶላር ካርድ ስትከፍሉ ማሽኑ ካስመረጣችሁ ሁሌም ድርሃም በሉ። ዶላር ብላችሁ ከመረጣችሁ ምንዛሬው እዛው ማሽኑ ላይ ይሰራና ጭማሪውም ውስጡ ይደበቃል። 1 ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፣ ተመኑ ቋሚ ነው፣ ስለዚህ የ367 ድርሃም እቃ 100 ዶላር አካባቢ መሆን አለበት፣ ማሽኑ 105 ካላችሁ 5ቷ ዶላር በከንቱ ሄደች ማለት ነው። ኤቲኤምም ላይ እንደዛው፣ ምንዛሬውን አልቀበልም በሉት፣ ገንዘቡ ይወጣል አትፍሩ። ጭማሪው ስንት እንደሆነ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የራሳችሁ ባንክ የሚቆርጠውም እንደ ባንኩ ነው፣ እሱን ጅማ እያላችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ። ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ዶላር ከነካ ግን ፒን ከማስገባታችሁ በፊት አሰርዙት፣ መብታችሁ ነው።