ፖታሲየም ሞልቶበት እንዴት ኔጌቲቭ ይሆናል?

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ጋቢ ተከናንባ ለፈተና ታጠናለች። «ጋሼ፣ ነርቭ ሴል ውስጥ ፖዘቲቭ ፖታሲየም ሞልቶ እያለ ውስጡ ኔጌቲቭ ነው የሚባለው እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔንም በጊዜዬ ያደናገረኝ ይኸው ነው።

ፖታሲየም ብቻውን አይደለም። እሱን የሚያቻችሉ ኔጌቲቭ ፕሮቲኖችና ሌሎች ሞለኪውሎች አብረውት አሉ። እነሱ የሴሉን ሽፋን አያልፉም። ፖታሲየም ግን ክፍት በር አለው። ክምችቱ ውስጥ 140 ሚሊሞላር (የክምችት መለኪያ ነው)፣ ውጭ 5 ገደማ ስለሆነ ይወጣል። ሲወጣ ፖዘቲቩን ይዞ ስለሚሄድ ውስጡ ኔጌቲቭ ይሆናል። ያ ኔጌቲቭ ደግሞ ፖታሲየሙን መልሶ ይስበዋል። ግፊቱና ስበቱ የሚተካከሉት −90 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ውጭ ከበዛው ፖዘቲቭ ሶዲየም ጥቂቱ ወደ ውስጥ ስለሚሾልክ ግን ሴሉ የሚያርፈው −70 ገደማ ላይ ነው።

ስንት ፖታሲየም ወጣ ታዲያ? እዚህ ግባ የማይባል! ቮልቴጁን ለመቀየር ጥቂት ይበቃል።

ዋናው ነገር የማን በር ተከፈተ የሚለው ነው። እዚህ ብርድ አገር በር ሲከፈት ቤቱ ወዲያው ውጭውን እንደሚመስለው፣ የሶዲየም በር ሲከፈትም ሶዲየም ይጎርፋል፤ ውስጡ ለአንድ ሚሊሰከንድ ያህል ፖዘቲቭ ይሆናል። ሽፋኑ ላይ ያለው፣ ሁለቱን በጉልበት የሚያመላልሰው ፓምፕስ? 3 ሶዲየም አስወጥቶ 2 ፖታሲየም እያስገባ የውስጡንና የውጩን የክምችት ልዩነት ይጠብቃል። በቀጥታ ለቮልቴጁ የሚጨምረው ግን ትንሽ ነው።