ጨረቃ ቤት ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ከፍራንኮ ባጃጅ ይዛችሁ ወደ ከተማዋ ጫፍ ብትወጡ መጀመሪያ አስፋልቱ ያልቃል። ቀጥሎ ኮብልስቶኑ ያልቃል። ከዚያ ባጃጁ ራሱ «ከዚህ በላይ አልገባም» ይላል፤ የቀረው በእግር ነው። ግራና ቀኙ የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ አጥር ነው። በሩ ላይ የቤት ቁጥር የለም። ሰፈሩ ምን እንደሚባል ብትጠይቁ አንዱ ስም ይነግራችኋል፣ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጨረቃ ቤት ነው» ይላችኋል።

ስሙ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ቤት ቀን ከተጀመረ ደንብ አስከባሪ ይደርስበታል። ስለዚህ እንጨቱና ቆርቆሮው ቀድሞ ይዘጋጃል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ማታ በጨረቃ ይተከላል። ሲነጋ ቤት ሆኖ ይገኛል። ፍራሽ ተነጥፎ፣ ሕፃን ተኝቶ፣ ቡና ተጥዶ። ባዶ አጥር ማፍረስና ሰው ያለበትን ቤት ማፍረስ አንድ አይደለም፤ ጨዋታው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ቅዳሜና እሁድ፣ የበዓል ሰሞንም ይሠራል። ቢሮ ሲዘጋ ጨረቃ ምን ያደርጋል?

ብዙ ሰው ጨረቃ ቤት ሲባል የሚታየው የመሬት ወረራ ነው። እንዲህ ያለው አለ። ግን መሬቱን በገንዘቡ የገዛም ሞልቷል። ሻጩ የከተማ ዳር ገበሬ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «ሽያጭ» የሚል ቃል አይጻፍም። ገበሬው «ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ወይም ስጦታ ይባላል። እማኝ ይቆማል። ደላላው ድርሻውን ይዞ ይሄዳል።

ገበሬው ለምን ይሸጣል? ከተማው እየተጠጋው ነው፤ መሬቱ አንድ ቀን ለልማት እንደሚወሰድ ያውቃል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሳው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣው ወደ 15 ከፍ ብሏል። ያም ሆኖ ካሳው የሚሰላው መሬቱ በሚያበቅለው ጤፍ እንጂ ገዢ በሚከፍለው ዋጋ አይደለም። ደላላው ከዚያ የሚበልጥ ይዞ ሲመጣ እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ገዢው ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ጉሊት ቸርቻሪ ናት፣ አንዳንዴም ደመወዝተኛ መምህር ነው። የሊዝ ጨረታ አቅሙ አይፈቅድም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲጠብቅ ልጆቹ አደጉ። አከራዩ በየጊዜው ይጨምርበታል። (እርግጥ አምስት ቦታ አጥሮ የሚነግድም አለ፤ በእሱ ጦስ ድሃው አብሮ ይሰደባል።)

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በእኛ ከተሞች የተጎሳቆለ ሰፈር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መሃል ከተማ ያለው የቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ እዚያው ጥቂት ብር ላይ ስለቆመ የሚያድሰው ጠፋ። እነዚህ ሰዎች ውል አላቸው፣ ቤታቸው ግን እየፈረሰ ነው። የጨረቃ ቤት ነዋሪ ተቃራኒው ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ወረቀት ግን የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ጎስቋላ ሰፈርን የሚለካው በ5 ነገር ነው፦ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ በቂ ስፋት፣ ጠንካራ ግንባታና የይዞታ ዋስትና። የጨረቃ ቤት ሰው በዋናነት የሚወድቀው በመጨረሻው፣ በይዞታ ዋስትና ነው፤ የቀሩትን የሚያሳጣውም የእሱ መጥፋት ነውና።

ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ፣ ከሌለ ቆጣሪ ማግኘት ጣጣ ነው። መብራት ቆጣሪ ካለው ጎረቤት ይቀጠላል፣ ሒሳቡ በአምፖል ቁጥር ይጠየቃል። ውሃ በጀሪካን ይገዛል፣ በጀሪካን ሲገዛ ደግሞ ቧንቧ ካለው ሰው በላይ ይከፈላል። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ሜዳው ሲያልቅ ቤቱ ተዳፋቱን ወይም የጎርፍ መውረጃውን ይይዛል። ክረምት ሲገባ በዚያ ሰፈር እንቅልፍ የለም።

ምን ይደረጋል? ቀላሉ ማፍረስ ነው። ቤቱ ሲፈርስ ግን ዕድሩ፣ ዕቁቡ፣ ዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ ሁሉ አብሮ ይፈርሳል፤ ሰውዬውም ትንሽ ራቅ ብሎ ሌላ ጨረቃ ይጠብቃል። ሌላው መንገድ ሕጋዊ ማድረግ ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከከተማው ፕላንና ከቦታ ስፋት ደረጃ ጋር የሚሄድ ሰነድ አልባ ይዞታ በሊዝ እንዲስተናገድ በር ከፍቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶ መለያ ሆነው ሠርተዋል። ቤትህ ፎቶው ላይ ከታየ ተስፋ አለህ። በእኔ ግምት ጎርፍ መንገድ ላይ ያለውን አንስቶ ሌላውን ባለበት ማስተካከል ይሻላል፣ ርካሽም ነው። በ2009 አዳማን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ለድሃው የዕለት ገቢ ሰጥቷል፤ ካርታ ግን አይሰጥም።

በነገራችን ላይ፣ እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ከጭቃ ቤት ጎን የተከመረ ብሎኬት ታያላችሁ። ሳር በቅሎበታል። ባለቤቱ ቀስ በቀስ፣ ዕቁብ በደረሰው ቁጥር የገዛው ነው። አይገነባበትም፤ ነገ «አፍርስ» ከተባለ ጭቃ ይሻላል። ካርታ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ግን ሳሩን መንቀል ይጀምራል።