በበቅሎ መንገድ ላይ ሳይክል፦ የፖቶማክ ዳር ፒስታዎች

ግራቭል ሳይክል የሚሉት ነገር ምንድነው ለሚል ሰው አጭሩ መልስ በቅሎ ነው። "በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" እንደሚባለው፣ ይሄም ሳይክል ሲያዩት የተጠማዘዘ መሪ ያለው የአስፋልት ውድድር ሳይክል ይመስላል፣ ጎማውን ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሰፋ ያለና ጥርስ ያለው ነው፣ ከማውንቴን ሳይክል ጋር ዝምድና እንዳለው ያስታውቃል። የተሰራው ለፒስታ ነው፣ አስፋልት ሲመጣም አያፍርም። አሜሪካ ውስጥ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ፣ ማለትም የኛ ሰው ዲኤምቪ ብሎ በሚጠራውና በብዛት በሚኖርበት ቦታ፣ ለእንደዚህ አይነት ሳይክል የሚሆን መንገድ ሞልቷል። ዋናው መንገድ ደሞ የምር ለበቅሎ የተሰራ ነው፣ ምሳሌ አይደለም።

መንገዱ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ይባላል፣ ሙሉ ስሙ ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ ካናል ነው። ከዲሲው ጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ በሜሪላንድ በኩል እየተከተለ ከምበርላንድ የምትባል ከተማ ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል፣ ወደ 297 ኪሎሜትር ማለት ነው። ካናሉ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው፣ ከቦዩ ጎን ያለው ጠጠርና አፈር መንገድ ላይ በቅሎዎች እየሄዱ ጀልባውን በረጅም ገመድ ይጎትቱ ነበር። ዛሬ ሳይክል የሚነዳው እዛው የበቅሎዎቹ መንገድ ላይ ነው።

ታሪኩ (ቀኖቹም ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው) ትንሽ ያሳዝናልም ያስቃልም። ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ቁፋሮውን ሊያስጀምር አካፋ ሲሰነዝር ሥር ገጠመው፣ ደጋግሞ ቢሞክርም እምቢ አለው፣ በመጨረሻ ኮቱን አውልቆ ነው የቆፈረው። በዛው ቀን ባልቲሞር ውስጥ ደሞ የቢ ኤንድ ኦ (ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ) ባቡር ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ለመድረስ እሽቅድምድም ገቡ፣ ፖይንት ኦፍ ሮክስ ጋር ተራራውና ወንዙ ተጠጋግተው ቦታ ሲጠብም ማን ይለፍ ተባብለው ፍርድ ቤት ተካሰሱ። ካናሉ ክሱን በ1832 ረታ፣ ውድድሩን ግን ተሸነፈ፤ ባቡሩ ከምበርላንድ በ1842 ሲገባ ካናሉ የደረሰው በ1850 ነው። እቅዱ ፒትስበርግ ድረስ ነበር፣ ከምበርላንድ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዛ እስከ 1924 በዋናነት የድንጋይ ከሰል ሲያጓጉዝ ቆየና በዛ ዓመት ጎርፍ መታው፣ የሚጠግነውም ጠፋ። የፌዴራል መንግስት በ1938 በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።

መንገዱ ዛሬ ድረስ የመኪና መንገድ ሳይሆን የቀረው ደሞ በአንድ ዳኛ ግትርነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ ካናሉን ሞልተን አውራ ጎዳና እናድርገው የሚል ሃሳብ መጣ፣ ዋሽንግተን ፖስትም ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ኑና አብረን በእግራችን እንሂደው፣ ከዛ ሃሳባችሁን ትቀይራላችሁ ብሎ አዘጋጆቹን ጋበዘ። መጋቢት 1954 ወደ 58 ሰው ከከምበርላንድ ተነሳ፣ ስምንት ቀን ተጓዙ፣ ሙሉውን በእግሩ የጨረሰው ዳኛውን ጨምሮ 9 ሰው ብቻ ነው። ጋዜጣውም አቋሙን አለሰለሰ። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ።

አሁን ወደ መንዳቱ እንምጣ። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው ከፍታ በጠቅላላ 184 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፣ ይሄን ሁሉ የሚወጣው ደሞ በ74 ሎክ ነው። ሎክ ማለት ከፊትና ከኋላ በር ያለው የድንጋይ ሳጥን በሉት፣ ጀልባው ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ሲሞላ ጀልባው ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ በሌላው በር ይወጣል። ለሳይክለኛው ትርጉሙ ምንድነው፣ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ሎክ ጋር ሲደርሱ ብቻ ትንሽ ጉብታ አለች፣ ከዛ እንደገና ሜዳ። ሰው ይሄን ሲሰማ ቀላል ነው ይላል፣ እኔም ብዬ ነበር። ሜዳ ማለት እኮ ቁልቁለት የለም ማለት ነው፣ ቁልቁለት ከሌለ ደሞ ማረፍ የለም፣ ፔዳሉን ካቆምክ ጠጠሩ ወዲያው ይይዝሃል። መጀመሪያ ቀን 50 ማይል ሄጄ ያመመኝ እግሬ አይደለም፣ መቀመጫዬና መዳፌ ናቸው፣ ማታ የቧንቧ እጀታ ማዞር አቅቶኝ ነበር።

ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ያለው 14 ማይል ቅዳሜና እሁድ ሰው ይበዛበታል፣ ውሻ፣ የህጻን ጋሪ፣ ሯጭ፣ ምናምን። የሳይክል ፍጥነት ገደቡ በሰዓት 15 ማይል ነው፣ ደወልም ግዴታ ነው። ፏፏቴው ራሱ መታየት አለበት፣ በመኪና ለሚገባ ግን ያስከፍላል። ወደ ላይ ስንሄድ ሰው ይቀንሳል፣ 22ኛው ማይል አካባቢ ሴኔካ ጋር ሲደረስ ድንጋዩ ሁሉ ቀይ ነው፣ ዲሲ ውስጥ ናሽናል ሞል የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ያለው የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ቤተመንግስት መሳይ ህንጻ የተሰራው ከዚሁ ሰፈር በተፈለጠ ድንጋይ ነው። እዛ ያለው ሎክና ውሃ ተሸካሚ ድልድይ ደሞ አንድ ላይ የተገነቡ ናቸው፣ በካናሉ ላይ ሌላ እንደሱ የለም።

ውሃ ተሸካሚ ድልድይ ስል፣ ካናሉ ገባር ወንዝ ሲገጥመው በድልድይ ላይ ነው የሚሻገረው፣ ማለትም ከታች ወንዝ ከላይ ደሞ ጀልባ የሚሄድበት ውሃ። እንዲህ ያሉ 11 አሉ። ትልቁ 42ኛው ማይል ላይ ያለው የሞኖካሲው ነው፣ ሰባት ቅስት ያለው፣ በ1833 የተጠናቀቀ። ዛሬ ውሃ የለበትም፣ ጠዋት ላይ ጉም ከወንዙ ሲነሳ እዛ ላይ ቆሞ ዳቦ ቆሎ መቆርጠም ግን በገንዘብ አይገኝም።

ሃርፐርስ ፌሪ 60ኛው ማይል ላይ፣ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ጆን ብራውን በ1859 ባርነትን ለማጥፋት የመሳሪያ ግምጃ ቤቱን ያጠቃባት ከተማ። ወደሷ ለመሻገር ከበቅሎው መንገድ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ መውጣት ግድ ነው፣ ሳይክሉን ተሸክሞ። እቃ የጫነ ሳይክል ከሆነ ሻንጣውን አራግፎ ሁለቴ መመላለስ ነው፣ ሌላ ብልሃት የለውም። ከዛ በላይ ያለው ጸጥታ ነው። 85ኛው ማይል ጀምሮ ቢግ ስላክዋተር የሚባል ቦታ መንገዱ ገደሉ ስር በኮንክሪት ወንዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ ለዓመታት ተበላሽቶ ነበር፣ በ2012 ተሰርቶ ተከፈተ። 155ኛው ማይል ላይ ደሞ የፖ ፖ ዋሻ አለ፣ 950 ሜትር፣ በ1836 ተጀምሮ 14 ዓመት የፈጀ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ይዞ ሳይክሉን እየገፉ ነው የሚያልፉት። የእንጨት መደገፊያውን በእጅ ሲዳስሱት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ፣ የጀልባ ገመድ እየፈተገ የበላው ነው። መንገዱ ላይ ካለ ቦታ ሁሉ በቅሎዎቹ በጣም የቀረቡኝ እዛ ነው።

ፒትስበርግ ድረስ መቀጠል ለሚፈልግ ከከምበርላንድ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባል 150 ማይል መንገድ ይቀበለዋል፣ የድሮ ባቡር ሃዲድ ተነቅሎ የተሰራ ነው፣ በ2013 ሙሉ በሙሉ ተገናኘ። ካናሉ ያልደረሰበት ፒትስበርግ ሳይክሉ ይደርሳል።

ወንዙን ትቶ እርሻ ውስጥ መንዳት ለሚወድ ሰው ደሞ ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። አንደኛው ከሴኔካ በላይ ፑልስቪል ዙሪያ ያለው የሞንጎመሪ ካውንቲ የእርሻ ክልል ነው። ካውንቲው በ1980 ከ37 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት ለእርሻ ብሎ ከለለ፣ በ10 ሄክታር አንድ ቤት ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ለዚህ ነው ዲሲ አጠገብ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም ሳይርቁ በቆሎና አኩሪ አተር መሃል መግባት የሚቻለው። ኤድዋርድስ ፌሪ አካባቢ ሪቨር ሮድ ራሱ ጠጠር ይሆናል፣ ከካናሉ ጋር አያይዞ በዙር መንዳት ይመቻል፣ በሄዱበት መንገድ መመለስ የለም። ሐምሌ ላይ ማኪ ቤሸርስ በሚባለው የዱር እንስሳት ቦታ ሱፍ አበባ ያብባል፣ ፎቶ አንሺው ብዛቱ ሌላ ነው፣ መኸር ላይ ግን እዛው አዳኝ ስለሚገባ ብርቱካናማ ነገር መልበስ ይሻላል።

ሁለተኛው ቨርጂኒያ በኩል ያለው የላውደን ካውንቲ ነው፣ ከ250 ማይል በላይ ያልተነጠፈ የገጠር መንገድ አለው። እዛ ሜዳ የለም፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ የፈረስ እርባታ፣ የወይን እርሻ፣ የድንጋይ አጥር፣ ከፊሉ ቦታ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ተሸብሽቦ ጥርስ ያንገጫግጫል። ድሮ ኋይትስ ፌሪ የምትባለው ጀልባ ሁለቱን ዳርቻ ታገናኝ ነበር፣ ጠዋት ሜሪላንድ ከሰዓት ቨርጂኒያ ይባል ነበር፣ በ2020 መጨረሻ በቨርጂኒያው ማረፊያ መሬት ክርክር ቆመችና የብዙ ሳይክለኛ ዙር ተቆረጠ።

ለጎማ 40 ሚሊሜትር አካባቢ በቂ ነው፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ግን ያልተጠገነው ክፍል ጭቃ ስለሆነ ሰፋ ያለ ያስፈልጋል። ካናሉ ዳር በየጥቂት ማይሉ ነጻ የድንኳን ማደሪያ አለ፣ ጠረጴዛ፣ ሽንት ቤትና የእጅ ፓምፕ ያለው፣ ውሃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል፣ በሶ ሲበጠበጥበት ግን ይጠፋል። በብርዱ ወራት ፓምፖቹ ስለሚዘጉ ውሃ ተሸክሞ መሄድ ነው። በሙቀቱ ወራት ደሞ መዥገር አለ፣ ማታ ማታ እግርን በደንብ መፈተሽ።

መስከረም ላይ የሄደ ሰው ግን መንገዱ ዳር ቅጠሉ ትልልቅ የሆነ አጭር ዛፍ ስር ይይ። ፖፖ ይሉታል፣ የዋሻውም ስም ከዚሁ ነው የመጣው። ፍሬው አረንጓዴ፣ ከእፍኝ ያነሰ፣ ሲበስል መሬት ላይ ወድቆ የሚገኝ ነው። ከፍቼ ስቀምሰው የማውቀው ጣዕም ነው፣ ለስላሳ፣ ክሬም የመሰለ፣ ጥቁር ጥቁር ትልልቅ ፍሬ ያለው፣ ቤት ገብቼ ሳጣራ ለካ የጊሽጣ ዘመድ ነው።