«አባል ነኝ፣ ዐሥራቴንም እከፍላለሁ»፦ ስለ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አባልነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወንጌላውያን አማኞች መካከል «የየት አባል ነህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ ይመጣል። መልሱም ቶሎ ይሰጣል፦ ሙሉ ወንጌል፣ ቃለ ሕይወት፣ መካነ ኢየሱስ፣ መሠረተ ክርስቶስ። «አባል ስትሆን ምን ቃል ገባህ? እነሱስ ምን ቃል ገቡልህ?» ተብሎ ሲቀጥል ግን ብዙ ሰው ዝም ይላል። ከዚህ በታች የምናነሣቸው በየአጥቢያው የሚደጋገሙ አባባሎች ናቸው። የምንጽፈው ስለ ወንጌላውያን አጥቢያዎች ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት ስላላት እዚህ አልገባንበትም።

«ጌታን ተቀብያለሁ፤ አባልነት የሰው ሥርዓት ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ቅጹ፣ ጉርድ ፎቶው፣ የአባልነት ቁጥሩ የሰው ሥራ ነው፤ በቅጽ የዳነ የለም። ስሕተቱ ቅጹን ሲጥሉ ነገሩንም አብሮ መጣሉ ላይ ነው። «አባል» በግእዝ የሰውነት ክፍል ማለት ነው፤ እጅ፣ እግር፣ ዐይን። የማኅበር ተመዝጋቢ የሚለው ትርጉም የመጣው በኋላ ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ «ብልት» ተብሎ የተተረጎመውም ይኸው ነው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው በአንድ ከተማ ለሚኖሩ፣ ስም ለስም ለሚተዋወቁ፣ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ለሚጣሉ ሰዎች ነበር። በጥቅሉ «የዓለም ቤተ ክርስቲያን ብልት ነኝ» የሚል እጅ የትኛው ክንድ ላይ እንደተሰካ መናገር አለበት።

መዝገብም ቢሆን ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የምትረዳቸው መበለቶች በስም ይመዘገቡ ነበር፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥9 ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት እንዳያንስ መስፈርት አስቀምጧል። ዕብራውያን 13፥17 ደግሞ መሪዎች ስለ ምእመናን ነፍስ መልስ እንደሚሰጡ ይናገራል። ስለ ማን? ሽማግሌ በስም ስለማያውቀው ሰው መልስ ሊሰጥ አይችልም። መዝገቡ ለሽማግሌዎች የተጠያቂነታቸው ዝርዝር ነው።

«ዛሬ ከተመዘገብሁ እሑድ አባል ነኝ»

አይደለም፤ መቸኮልም አይጠቅምም። አሠራሩ ከአጥቢያ አጥቢያ ቢለያይም የተለመደው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ለአዲስ አማኝ የደኅንነት ትምህርት ይሰጣል፤ ቀጥሎ የጥምቀት ትምህርት፣ ከዚያ ጥምቀት። ከዚያ በኋላ የአባልነት ትምህርት ይመጣል፤ የእምነት መግለጫው፣ መተዳደሪያ ደንቡ እና የአባል ግዴታ የሚነበብበት ነው። ከዚያ ሽማግሌዎች ሰውየውን ለብቻ ያነጋግሩታል፤ ስለ እምነቱ ምስክርነት ይሰጣል፣ ስለ ትዳር ሁኔታው ይጠየቃል፣ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ከመጣ መሸኛ ደብዳቤ ያቀርባል። በመጨረሻ በጉባኤ ፊት ቆሞ ቃል ይገባል፤ ጉባኤውም ይቀበለዋል።

አዲስ አማኞች በብዛት የሚገኙበት የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ የሚዘለለው ደግሞ የመጨረሻው፣ የአባልነት ትምህርቱ ነው። በደንቡ ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ «እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላወቅሁም» ይላሉ። ከመፈረም በፊት ደንቡን ጠይቆ ቤት ወስዶ ማንበብ መብት ነው። ደንቡን ማሳየት የማትፈልግ አጥቢያ ካለች ያ ራሱ ብዙ ይናገራል።

መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ ስለዚህ እዚያ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ሰውየው በሕፃንነቱ ይጠመቃል፤ ሲያድግ ተምሮ በራሱ አፍ እምነቱን ያጸናል። በቃለ ሕይወት፣ በሙሉ ወንጌልና በመሠረተ ክርስቶስ ግን የሚጠመቀው እምነቱን ራሱ የሚመሰክር ሰው ነው። «ልጆቼ አብረውኝ አባል ናቸው» የሚል ወላጅ በእነዚህ አጥቢያዎች ተሳስቷል፤ ልጆቹ የቤተ ክርስቲያኒቱ አደራ ናቸው እንጂ ገና ቃል አልገቡም።

«እሑድ አልቀርም፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?»

ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ያን ጊዜ ወደ 5,000 የሚጠጉ አባላት ነበሯት። ደርግ ወድቆ አደባባይ ስትወጣ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት የእሑድ ጉባኤ፣ መድረክ፣ ድምፅ ማጉያ አልነበረም። የነበረው በየቤቱ በድብቅ የሚገናኙ ጥቂት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ሲቀር በዚያው ቀን የሚታወቅበት፣ ሴቶችም በመሪነት ያገለገሉበት ሕይወት። ዛሬ በትልቅ አዳራሽ አንድ ሰው 3 ወር ቢቀር ወንበሩን ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፤ ማንም አይጠይቀውም።

የቤት ለቤት ኅብረት በአባልነት ቃል ኪዳን ውስጥ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ከ8 እስከ 12 ሰው ጥሩ መጠን ነው፤ 15 ሲያልፍ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ይናገራል፣ ሌላው አድማጭ ይሆናል፤ ያን ጊዜ መከፈል አለበት። ብዙ ኅብረቶች የሚሞቱት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መስተንግዶ ነው፤ በሻይና በቆሎ የጀመረው ወደ ምሳ ግብዣ ያድግና አቅም የሌለው ቤተሰብ ቤቱን መክፈት ያፍራል። ሁለተኛው የተነገረ ምስጢር ሲወጣ ነው። አንድ ጊዜ ከወጣ ከዚያ በኋላ ሁሉም የሚያስጸልየው «ስለ ሥራዬ» ብቻ ይሆናል።

«ስብከቱን በዩቲዩብ እከታተላለሁ»

ስብከት መስማት ጥሩ ነው። ዩቲዩብ ግን ሲታመሙ አይጠይቅም፣ ሲሳሳቱም አይገሥጽም። እውነተኛ ችግር ያለባቸው በዐረብ አገር ቤት ውስጥ የሚሠሩ እኅቶች ናቸው፤ በተለይ የዕረፍት ቀን የማይሰጣቸው። ዓርብ ዕረፍት በሆነባቸው አገሮች ብዙ ጉባኤዎች ዓርብ የሚሰበሰቡት ለዚሁ ነው። ዓርብም መውጣት ላልቻለች እኅት የሁለት ወይም የሦስት ሰው የስልክ ጸሎት፣ በስም የሚያውቃት አንድ አገልጋይ ቢኖርላት፣ ያ ኅብረት ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ አልጋ ላይ ስብከት የሚመለከት ሰው ግን የእሷን ምክንያት ሊዋስ አይችልም።

«እንደ እድር ነው፤ ከከፈልሁ ይድሩኛል፣ ይቀብሩኛል»

ይህ አስተሳሰብ ከሜዳ አልመጣም። ወንጌላውያን አማኞች በብዙ ቦታ መቃብር ተከልክለዋል፤ «ጴንጤ» ተብለው ከእድር የተባረሩም አሉ። ሬሳ ይዞ መሬት መለመን ያየ ትውልድ የቤተ ክርስቲያንን አባልነት ከመቃብር ቦታ ጋር ቢያያይዘው አይፈረድበትም። ሆኖም እድር የሚሠራው በመዋጮና በመቀጮ ነው፤ ወርኃዊውን የከፈለ ድንኳኑን ያገኛል። አባልነት ግን በክፍያ የሚገዛ አገልግሎት አይደለም፤ ሥራ አጥቶ ለዓመት ሳንቲም ያልሰጠ አባል ሙሉ አባል ነው፤ ጭራሽ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለእሱ የምታወጣበት ጊዜ ነው።

ሠርግ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሠርጉ 3 ወር ሲቀረው ለመመዝገብ የሚመጡ አሉ፤ አዳራሹና ፓስተሩ ነው የሚፈለገው። አብዛኞቹ አጥቢያዎች ከጋብቻ በፊት የምክር ትምህርት ይሰጣሉ፤ ተቃውሞ ያለው ሰው እንዲናገርም ለጉባኤ ያስታውቃሉ። ይህ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቀኑን ቆርጦ፣ ካርድ አሳትሞ ወደ ሽማግሌዎች መሄድ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። በሕግ በኩል ደግሞ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል፤ ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። በቤተ ክርስቲያን መጋባት ግን በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ከማስመዝገብ አያድንም። የቤተ ክርስቲያኑን የምስክር ወረቀት ብቻ ይዘው ኤምባሲ ደጅ ላይ የሚቆሙ ባለትዳሮች ይህን የሚያውቁት ዘግይተው ነው።

«ዐሥራት የአባልነት ክፍያ ነው»

10,000 ብር ለሚያገኝ ሰው ዐሥራቱ 1,000 ነው፤ ሒሳቡ እዚህ ላይ ቀላል ነው። ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ላይ አስተማሪዎች ይለያያሉ፤ ነጋዴ ደግሞ ከሽያጩ ሳይሆን ከትርፉ ነው የሚያሰላው። አዲስ ኪዳን ለአባልነት የክፍያ ተመን አላስቀመጠም፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ፣ ሳይገደድ ይስጥ ይላል። ዐሥራት ያልሰጡ ሰዎችን ስም በሰሌዳ የሚለጥፍ አጥቢያ ይህን ጥቅስ ዘሎታል።

አባል ቃል የሚገባው መስጠትን ብቻ አይደለም፤ የተሰጠው እንዴት እንደዋለ መጠየቅንም ነው። ጳውሎስ ራሱ ገንዘብ ሲያጓጉዝ ሐሜት እንዳይነሣ ሌሎች ሰዎችን ጨምሯል (2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20-21)። ጤነኛ አሠራር የሚታወቀው በትንንሽ ነገር ነው፦ መባው ከጉባኤው ሳይወጣ ዝምድና በሌላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዎች ይቆጠራል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ፤ በማግስቱ ባንክ ይገባል፤ የቆጠረው ሰው ወጪ አያዝም፤ በዓመት አንድ ጊዜ የኦዲት ሪፖርት በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል። አሜሪካ ያሉ አባላት ደግሞ በአንድ ጊዜ 250 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሰጡና ከግብር እንዲቀነስላቸው ከፈለጉ የቤተ ክርስቲያኒቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል፤ የባንክ ወረቀት ብቻውን አይበቃም።

«ሥነ ሥርዓት መወሰድ ማለት መባረር ነው»

ሥነ ሥርዓት የምንለው ቤተ ክርስቲያን በበደለ አባል ላይ የምትወስደውን የእርማት እርምጃ ነው። በጣም የተበላሸው አመለካከት ስለዚህ ያለው ነው፤ ያበላሹትም ብዙ ጊዜ አጥቢያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ማቴዎስ 18፥15-17 ደረጃውን በግልጽ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ለብቻ መነጋገር፤ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ መሄድ፤ ያንንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን መንገር። አብዛኛው ጉዳይ ማለቅ ያለበት በመጀመሪያው ደረጃ ነው። የሚሆነው ግን ተበደልሁ ባዩ ወንድሙን ሳያነጋግር ቀጥታ ሽማግሌ ቢሮ መግባቱ፣ ሽማግሌውም «መጀመሪያ አነጋግረኸዋል?» ሳይል መዝገብ መክፈቱ ነው።

እርምጃዎቹም አንድ አይደሉም። ከአገልግሎት መታገድ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየው አይዘምርም፣ አያስተምርም፣ አባልነቱ ግን አልተነካም። ከጌታ እራት መታገድ ከዚያ ይከብዳል። ከአባልነት መሰረዝ የመጨረሻው ነው፤ ንስሐ እንቢ ላለ ሰው እንጂ ለወደቀ ሁሉ አይደለም። የትኛውም እርምጃ ሲወሰድ በቃለ ጉባኤ መስፈር ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ ምክንያቱ፣ የሚያበቃበት ወይም የሚታይበት ቀን፣ ሰውየውን የሚከታተለው ሰው ስም። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሲጎድሉ ነው እገዳ መባረር የሚሆነው፤ «ለጊዜው ዕረፍ» የተባለ ዘማሪ 4 ዓመት ሙሉ የሚጠራው ያጣል። 2ኛ ቆሮንቶስ 2፥6-8 የተቀጣው ሰው በኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር እንዲሉት፣ ፍቅራቸውንም እንዲያጸኑለት ያዝዛል፤ መመለሱ ልክ እንደ ቅጣቱ የሥርዓቱ ክፍል ነው።

ሳንናገር የማናልፈው አንድ ነገር አለ። ያረገዘችው ልጅ በጉባኤ ፊት ቆማ ስሟ ይነሣል፤ አብሯት የነበረው ወጣት ኪቦርድ መምታቱን ይቀጥላል። ይህ ሥነ ሥርዓት አይባልም። የሕፃን መደፈር፣ ድብደባ፣ ስርቆትም ወንጀል ናቸው፤ ማቴዎስ 18ን ጠቅሶ «በቤታችን እንጨርሰው» አይባልም፣ ለፖሊስ ይነገራል።

«ሽማግሌዎች ይወስናሉ፤ እኔ ምን አገባኝ»

በአብዛኛው ደንብ ሽማግሌ የሚመረጠው በአባላት ነው፤ በጀት የሚጸድቀውም በጠቅላላ ጉባኤ። ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲበተን በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ይወስናሉ፤ ከዚያ የቀሩት ያጉረመርማሉ።

«መሸኛ ደብዳቤ ፎርማሊቲ ነው»

አጵሎስ ወደ አካይያ ሲሄድ ወንድሞች ጽፈውለታል (ሐዋርያት ሥራ 18፥27)፤ ፌበንም ወደ ሮም የሄደችው በጳውሎስ አደራ ነው (ሮሜ 16፥1)። ጥሩ መሸኛ «ጥሩ ክርስቲያን ነው» ብሎ አያልፍም። ሙሉ ስም፣ የተጠመቀበት ቀን፣ ከመቼ እስከ መቼ አባል እንደነበረ፣ የትዳሩ ሁኔታ፣ ምን እንዳገለገለ፣ በሥነ ሥርዓት ላይ ከሆነም እሱ ይጻፋል፤ ፊርማና ማኅተም ይደረግበታል። አጥቢያ ተቆጥታ ደብዳቤ መከልከል የለባትም፤ ቅሬታ ካላት ቅሬታውን መጻፍ ትችላለች። ተቀባይዋም ደብዳቤ ሳታይ ዘማሪ ወይም ሰባኪ መድረክ ላይ ማውጣት የለባትም፤ ባለ ድምፁን ቶሎ ለመያዝ ይህን የሚዘሉ ጉባኤዎች አሜሪካ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግም በሐዋሳም አሉ። ዝውውሩ የሚያልቀው ተቀባይዋ «ተቀብለናል» ብላ መልስ ስትጽፍ፣ ላኪዋም ስሙን ከመዝገቧ ስታነሣ ነው። መልሱ ስለማይጻፍ አንድ ሰው በሦስት አጥቢያ መዝገብ ላይ ይቆጠራል፤ ሲታመም ግን ሦስቱም ሌላኛዋ ጠይቃዋለች ብለው ያስባሉ።