ባዮሬሚዲዬሽን ምንድን ነው? ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ በባክቴሪያ ሲጸዳ

ባዮሬሚዲዬሽን ማለት ብክለትን፣ ለምሳሌ የፈሰሰን ድፍድፍ ነዳጅ፣ ሕያዋን ፍጥረታት፣ በተለይም ነዳጅን የሚመገቡ ባክቴሪያዎች፣ ሰባብረው እንዲያጠፉት ሁኔታውን ማመቻቸት ነው። ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ከቤተ ሙከራ የወጣ ልዩ ባክቴሪያ ባሕር ላይ ሲረጭ ይታየዋል። እንዲህ ያለ ምርት ገበያ ላይ አለ፤ ነገር ግን ብዙም አይጠቅምም። ነዳጅ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ወለል ስንጥቆች ሲመነጭ ስለኖረ፣ እሱን የሚበሉ ባክቴሪያዎች በየውቅያኖሱ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ስም የወጣለት አልካኒቮራክስ ቦርኩሜንሲስ የተባለው ባክቴሪያ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቁጥሩ እጅግ ጥቂት ነው፤ ነዳጅ ሲያገኝ ግን በፍጥነት ይራባል።

ታዲያ የሚጎድለው ምንድን ነው? ነዳጅ በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ባክቴሪያው ለመራባት ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ይፈልጋል፤ በግምት ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ። የባሕር ውኃ ውስጥ እነዚህ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ሥራው ባክቴሪያ መዝራት ሳይሆን ማዳበሪያ መጨመር ነው። ገበሬ የሚያውቀው ዩሪያ እዚህም ያገለግላል።

ዘዴው በሰፊው የተሞከረው አላስካ ውስጥ ነው። በማርች 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ ውስጥ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ወደ 41 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ዳርቻውን በከፍተኛ ግፊት በሙቅ ውኃ ማጠብ ተጀመረ፤ እጥበቱ ግን ድንጋይ ላይ የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎችና አልጌዎችም ገደለ። ከዚያ እስከ 1991 ድረስ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ ናይትሮጅን በማዳበሪያ መልክ ዳርቻው ላይ ዋለ። አንዱ ማዳበሪያ ነዳጁ ላይ የሚጣበቅ ፈሳሽ ሲሆን፣ ሌላው ቀስ እያለ የሚሟሟ እንክብል ነበር። በሠራበት ቦታ ነዳጁ የሚበላበትን ፍጥነት ከ2 እስከ 5 እጥፍ አሳድጎታል። ፈሳሹ ውስጥ የነበረው ቡቶክሲኢታኖል የተባለ ኬሚካል ለሠራተኛም ለእንስሳም ጎጂ ስለነበር ግን ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ስም አያዘናጋ።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የተጠራቀመው ነዳጅ በአካፋና በፓምፕ ይነሣል፤ ባክቴሪያ የሚሠራው ነዳጁና ውኃው በሚገናኙበት ገጽ ላይ ብቻ ስለሆነ ወፍራም ክምርን ሊጨርሰው አይችልም። ቀጥሎ በአሸዋውና በጠጠሩ መካከል ካለው ውኃ ናሙና ተወስዶ ናይትሮጅኑ ይለካል። በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ካለ ይበቃል፤ ካነሰ ባሕሩ ሲሸሽ ማዳበሪያው ይበተናል። ቶሎ የሚሟሟ ማዳበሪያን ሞገድ በጥቂት ቀናት ጠርጎ ስለሚወስደው በየጊዜው መደገም አለበት። መለኪያውን ዘሎ ዝም ብሎ መበተን የተለመደ ስህተት ነው። በ1994 አሜሪካ ዴላዌር ውስጥ በተደረገ ሙከራ ዳርቻው ቀድሞውኑ በቂ ናይትሮጅን ስለነበረው ማዳበሪያው ያስገኘው ጥቅም ትንሽ ሆነ፤ ባክቴሪያ መጨመሩም ምንም ልዩነት አላመጣም። ከልክ ያለፈ አሞኒያ ደግሞ የባሕር እንስሳትን ይገድላል። ለኢትዮጵያ የሚመጣው ነዳጅ የሚራገፍበት የጅቡቲ ባሕር ኮራል የተባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቡት ሪፍ አለው፤ ኮራል የማዳበሪያ ብዛት ስለማይወድ እንደዚያ ባለ ቦታ የአላስካን ዘዴ እንዳለ መቅዳት አይቻልም።

ትልቁ ማነቆ ኦክስጅን ነው። 1 ኪሎ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲበላ ከ3 ኪሎ በላይ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ይህ ወደ 400 ሺህ ሊትር በሚሆን የባሕር ውኃ ውስጥ የሟሟውን ያህል ነው። አላስካ ውስጥ ጠጠር ሥር ገብቶ አየር ያጣው ነዳጅ ከአሥር ዓመት በኋላም ተገኝቷል። ማዳበሪያ ብቻውን አይደርስበትም። ዳርቻውን መገልበጥ ሊረዳ ይችላል፣ ነዳጁን ይበልጥ ወደ ታች ካልቀበረው።

ክፍት ባሕር ላይ ማዳበሪያው ተበትኖ ስለሚጠፋ ዘዴው እምብዛም አይሠራም። እዚያ የሚቀድመው ማገድና መሰብሰብ ነው። በ2020 ዋካሺዮ የተባለችው መርከብ ሞሪሸስ ዳርቻ ላይ ተሰብራ 1,000 ቶን ያህል ነዳጅ ስታፈስ፣ ነዋሪዎች የሸንኮራ አገዳ ገለባ በጨርቅና በመረብ ጠቅልለው፣ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ እያሰሩ ተንሳፋፊ ማገጃ ሠሩ። ነዳጁን እንዲመጥላቸው ፀጉርም ሰብስበዋል። እንደ ገለባ ያለ ነዳጅ መጣጭ የዕፅዋት ውጤት በአብዛኛው ከክብደቱ ከ3 እስከ 15 እጥፍ ነዳጅ ይይዛል። ገለባ ውኃም ስለሚጠጣ ከመስጠሙ በፊት መነሣት አለበት፤ የተነሣውም አደገኛ ቆሻሻ ስለሆነ ማስወገጃው አስቀድሞ መዘጋጀት ይኖርበታል።

ባክቴሪያዎች መጀመሪያ የሚጨርሱት አልካን የተባሉትን፣ ቀጥ ያለ የካርቦን ሰንሰለት ያላቸውን የነዳጅ ክፍሎች ነው፤ አስፋልት መሰሉን ክፍል እምብዛም አይነኩትም። ስለዚህ ዳርቻው ንጹሕ መስሎ መታየቱ ወይም የነዳጁ መጠን መቀነሱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሞገድ ጠርጎትም ሊሆን ይችላል። ባለሙያዎች ነዳጁ ውስጥ ያለውን ሆፔን የተባለ፣ ባክቴሪያ በቀላሉ የማይበላውን ውህድ ይለካሉ። ሞገድ ሁሉንም አብሮ ስለሚወስድ፣ አልካኑ ከሆፔኑ አንጻር ካነሰ ባክቴሪያው ሠርቷል ማለት ነው።