ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

እኛ ከተማ አንድ አሮጌ ግቢ በር ላይ ዘውድ የደፋ፣ የመስቀል በትር የያዘ የሲሚንቶ አንበሳ አለ። ባለፈው ክረምት በዚያ ሳልፍ ከአፉ እስከ ዘውዱ ሸረሪት አድርቶበታል። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ «ይኸው ተረቱ!» ብሎ ሳቀ።

ብዙ ሰው ተረቱን የሚረዳው እንዲሁ ነው፤ ድሩ የሸረሪት። እኔ ግን ለሸማኔው አደላለሁ። ሸረሪት ብቻዋን ታደራለች እንጂ ከማን ጋር ታብራለች? ጎጃም ፈትል አገር ነው፤ እዚህ ድር ማለት ሸማኔው በቁመት የሚወጥረው ክር ነው፤ በአግድም የሚወረውረው ማግ። ነጠላውን ክር ሕፃን በጣቱ ይበጥሰዋል። ጋቢ ከሆነ በኋላ ይሞክረው እስቲ!

አንበሳውም የጫካው ብቻ አይደለም። «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው ከዮሐንስ ራእይ ወጥቶ የነገሥታቱ ማኅተም ሆነ፤ ከማኅተሙም ወደ በርና አደባባይ ወጣ። ለገሃር ያለውን የአዲስ አበባውን አንበሳ ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት ነበር፤ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ ነው። እንግዲህ በንጉሥ ዘመን «አንበሳ ያስር» ሲባል ሰሙ አውሬው፣ ወርቁ ባለዘውዱ ነው። ለቅኔ አገር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ጎጃም ወርቁን በተግባር አይቶታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ነገሩ በግብር አያበቃም፣ ቀላድ ተጥሎ ርስቴ ሊለካ ነው ብሎ ሰጋ። ያንዱ አገር ሰው ካንዱ ጋር መክሮ «አንከፍልም» አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ፤ አልሆነም። በመጨረሻ አገረ ገዥው ከሹመቱ ተነሣ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ዘውዱ ግን ባለበት ቀረ፤ የወረደው በ1967 ዓ.ም. ነው፣ ያውም በወታደር እጅ። ተረቱ «ያስር» ማለቱ «ያብር»ን ቤት ለማስመታት ብቻ አይመስለኝም፤ «ይገድል» አላለም።

አሁን አሁን የምሰማው መዋጮ ሲሰበሰብ ነው። ሰብሳቢው «ድር ቢያብር...» ብሎ ሲጀምር ሁላችንም ኪሳችንን እንዳስሳለን። አንበሳው የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።