የብድር እውነተኛ ዋጋ ምንድን ነው?

«በዓመት 16 በመቶ» ተብሎ የተወሰደ የሦስት ወር ብድር ከ25 በመቶ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ማንም አልዋሸም። ወረቀቱ ላይ ያለው ወለዱ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

የብድር እውነተኛ ዋጋ የሚባለው፣ በብድሩ ምክንያት የሚወጣው ወጪ በሙሉ፣ በእርግጥ እጅ ከገባው ገንዘብና ገንዘቡ ከቆየበት ጊዜ ጋር ሲተያይ የሚገኘው ቁጥር ነው።

አንድ አነስተኛ ድርጅት 100,000 ለሦስት ወር ተበደረ እንበል። የ16 በመቶ የሦስት ወር ድርሻ 4,000 ነው። አበዳሪው ይህን ወለድ በቅድሚያ ይቀንሳል። ለአገልግሎት ደግሞ 2,000 ያነሳል። ድርጅቱ እጅ የሚገባው 94,000 ነው፤ የሚመልሰው 100,000። ስለዚህ 6,000ን ለ100,000 ሳይሆን ለ94,000 ነው የምናካፍለው። ውጤቱ 6.38 በመቶ ይሆናል፣ ያውም በሦስት ወር። በአራት ሲባዛ 25.5። አበዳሪው «ከብድሩ 10,000 ሒሳብህ ውስጥ ሳይነካ ይቀመጥ» ካለ ደግሞ የሚሠራበት ገንዘብ 84,000 ብቻ ነው። ዋጋውም ወደ 28.6 ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን «ፍላት» በሚባለው ወለድ ነው። 60,000 ተበድራችሁ በስድስት ወር እኩል እኩል ትከፍላላችሁ፤ ወለዱ በወር 2 በመቶ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ነገር ግን ዋናው ዕዳ በየወሩ እየቀነሰ፣ ወለዱ ሁልጊዜ የሚሰላው በመጀመሪያው 60,000 ላይ ነው። መጨረሻው ወር ላይ የቀረባችሁ ዕዳ 10,000 ሆኖ ሳለ 1,200 ወለድ ትከፍላላችሁ። የዚያ ወር ወለድ ብቻውን 12 በመቶ ሆነ ማለት ነው! አጠቃላዩ ሲሰላ ትክክለኛው የወር ወለድ 2 ሳይሆን ከ3.3 በመቶ በላይ ነው።

ብድር የማይመስል ብድርም አለ። አቅራቢው «በ10 ቀን ከከፈልክ 2 በመቶ እቀንሳለሁ፣ ካልሆነ በ30 ቀን ሙሉውን» ይላል። ቅናሹን መተው ማለት 98ን ለ20 ቀን ለማቆየት 2 መክፈል ነው። በዓመት ሲታይ 37 በመቶ አካባቢ። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ከባንክ ተበድሮ አቅራቢውን በጊዜ መክፈል ብዙ ጊዜ ይሻላል ባይ ነኝ።

እርግጥ ዓመታዊው ቁጥር ለአጭር ብድር ሁሌም ፍርድ አይሰጥም። በ94,000 የተገዛው ዕቃ በሦስት ወር ተሸጦ 20,000 የሚያተርፍ ከሆነ፣ 6,000 መክፈል ያዋጣል። 25.5 በመቶ ቢያስደነግጥም ግድ የለም። ዕቃው ሳይሸጥ ቀርቶ ብድሩ ሲታደስ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአገልግሎት ክፍያው እንደገና ይቆረጣል፣ ወለዱም እንደገና በቅድሚያ ይነሳል። ድርጅቱ እነዚህንም ወጪዎች በአዲሱ ብድር ላይ እያከለ ዓመቱን ሙሉ ከቀጠለ፣ ያ 16 በመቶ የተባለው ብድር 28 በመቶ አስከፍሎታል።